ላም አለኝ በሰማይ

ባለፈው ወር የእቁባችን ዕጣ ወጥቶ ቡና ስንጠጣ፣ ዴንማርክ የምትኖር የአንዷ ጓደኛችን እህት ደወለች። ከሰላምታ በኋላ «እዚህ እኮ ላም ላይ ቀረጥ ሊጣል ነው» አለችን። ሳቅን። እኛ በሞያሌ ገበያ በግ፣ ፍየል፣ አልፎ አልፎም ወይፈን የምንነግድ አምስት ሴቶች ነን። የኮቴ መክፈል ለምደናል፤ የግሳት መክፈል ግን ሰምተን አናውቅም ነበር።

ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልሆነም። ላም፣ በግና ፍየል ሲያመነዥኩ ሜቴን የሚባል ጋዝ በግሳት ያስወጣሉ። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ፣ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። «የፈረንጅ ወሬ ነው» ብለን የምናልፈው አይደለም።

ዴንማርክ ውስጥ መንግሥት፣ የገበሬዎች ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የኢንዱስትሪና የተፈጥሮ ጥበቃ ተወካዮች ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ2024 ተስማሙ። ቀረጡ በ2030 ሲጀምር በቶን 300 ክሮነር ነው፤ 60 በመቶው ስለሚቀነስ ግን ገበሬው የሚከፍለው 120 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢም ለዘርፉ ማሻሻያ ይመለሳል። ኒውዚላንድ ግን ከልቀቷ ግማሽ ያህሉ ከእርሻ ቢሆንም፣ በ2003 ለምርምር የሚውል ቀረጥ ሊጣል ሲል ገበሬው ትራክተር ይዞ ፓርላማ ደጃፍ ድረስ ሄደ፤ ሐሳቡ ቀረ። በ2024 ደግሞ እርሻን ወደ ልቀት ክፍያ ሊያስገባ የነበረው ሕግ ተሻረ። ላም ያው ላም ናት። ልዩነቱን ያመጣው ማን ተቀምጦ እንደተነጋገረና ማን እንደጮኸ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አወጣች። ስሌቱ የ2010ን የሀገሪቱን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ፣ ከዚያ ውስጥ ከ40 በመቶ በላዩን ለእንስሳት ሰጠ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የከብት ሥጋን በከፊል በዶሮ መተካት ነበር። ለከተማ ሰው ይሆን ይሆናል። ውኃ ፍለጋ ቀናት ለሚጓዝ የቦረና አርብቶ አደር ግን ዶሮ ከብትን አትተካም።

ሒሳብ መያዝ የንግድ ሥራ ነውና ቆጠራውን በሦስት መንገድ አየነው። በከብት ብዛት ከተቆጠረ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ስለሆነች ጥፋተኛ እንሆናለን። በአንድ ሊትር ወተት ከተቆጠረም እንወቀሳለን፤ ከሲታዋ ላማችን እያገሳች ትንሽ ነው የምትታለበው። በሰው ከተቆጠረ ግን፣ በዓመት በዓል ብቻ ሥጋ የሚቀምሰው ወገናችን ከሀብታም ሀገር ሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የትኛው ቆጠራ እንደሚያዝ የሚወስነው ሳይንስ ብቻ አይደለም፤ ድርድር ነው።

እኛን ይህ ለምን ነካን? እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሳይዘንቡ ቀሩ። ለስምንት ወይፈን ቀብድ የሰጠናቸው አባት ነበሩ። ስንሄድ የቀሩላቸው ሁለት ነበሩ፤ እነሱም ሰው ካላነሣቸው አይቆሙም። «ልጆቼ፣ ገንዘባችሁን በምን ልመልስ?» አሉን። በመንገድ ተጣላን። ግማሾቻችን ይክፈሉ፣ ግማሾቻችን ይቅር አልን። በመጨረሻ ቀረ፤ የዚያን ዓመት የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም በብድር ተከፈለ።

አሁን ያ ጉዳይ ሌላ ነገር ያስተምረናል። እነዚያ ከብቶች አራትና አምስት ዓመት ሲያገሱ ኖረው አንድ ኪሎ ሥጋ ሳይሰጡ ሞቱ። ድርቁ ሳይጠና በደህና ዋጋ ቢሸጡ ኖሮ ለአባታችንም፣ ለእኛም፣ ለሰማዩም ይሻል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ክትባት፣ ድርቆሽ፣ የገበያ ዋጋ መረጃና በድንበር ላይ የማያጉላላ መንገድ ነው። እነዚህ ሳይኖሩ ቀረጥ ወይም ገደብ ቢመጣ፣ ድርቁ የቀጣውን ሰው ዳግመኛ መቅጣት ነው። በልቀት ቅነሳ ስም የሚመጣ ገንዘብም ከተማ ቀርቶ እዚህ ካልደረሰ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ዘንድሮ ከእቁባችን ከፍለን የድርቆሽ ማከማቻ ተከራይተናል። ስለ እንስሳት ልቀት ስብሰባ ሲጠራ ነጋዴም እንዲጠራ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መልስ ገና አልመጣም። እናንተስ፣ በመተማም ሆነ በቶጎ ውጫሌ የምትነግዱ፣ ስለዚህ ጉዳይ ጠርቶ ያነጋገራችሁ አለ?