አራት ነሐሴ

በነሐሴ ማለዳ እንጦጦን የወጣ ሰው ከተማውን አያይም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ጨርሶ ዞር ሲል፣ ከበታቹ አዲስ አበባ መኖሯን የሚነግረው ድምፅ ብቻ ነው፤ የታክሲ ጥሩምባ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የውሻ ጩኸት። ሌላው ሁሉ ጉም ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ባሕር ዛፉ ማንጠባጠቡን አይተውም፤ ጭቃው ከጫማ ሥር እየተለጠፈ እግር ያከብዳል። ያም ሆኖ ከወራት ሁሉ እንጦጦን የምወደው በነሐሴ ነው። በበጋ ፓርኩ የእንግዳ ነው፤ ፈረስ የሚጋልበው፣ ፎቶ የሚነሣው፣ ቡና የሚጠጣው ይበዛል። በነሐሴ ማለዳ የሚወጣው ግን መውጣት ያለበት ሰው ነው፤ ሯጩ፣ ኪዳን የሚያደርሰው፣ ቅጠል ለቃሚዋ።

ያችን ልጅ ያየኋት በ2015 ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነበር። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ባለ ገላጣ ቦታ ሁለት ባሕር ዛፎች እንደ ግብ ቋሚ ተራርቀው ቆመዋል። በመካከላቸው ስድስት ዓመት የሚሆነው ወንድሟ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። እሷ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዛፎቹ ጀምራ ዐሥራ አንድ እርምጃ ቆጠረች፣ ኳሱን አስቀመጠች፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት፣ መታች። ኳሱ የቀኙን ዛፍ ገጭቶ ተመለሰ፤ ግንዱ ላይ ክብ የጭቃ ማኅተም ቀረ። ልጅቱ ምንም አላለችም። ኳሱን አንሥታ እንደገና ዐሥራ አንድ ቆጠረች።

«ስንት አገባሽ?» አልኳት።

«ዛሬ ስድስት ስቻለሁ ጋሼ» አለች። «ትናንት ዘጠኝ ነበር።»

ስላገባችው ነበር የጠየቅኳት፤ የነገረችኝ ስለሳተችው ነው። በዚያ ሰሞን ይህ መልስ ልቤ ውስጥ የቀረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ ከግብ መሥመሩ 11 ሜትር ይርቃል። በዚያው ሰሞን ኡጋንዳ ውስጥ፣ በንጄሩ ከተማ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ከታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር ለፍፃሜ ተገናኝቶ፣ ጨዋታው ያለ ግብ አልቆ፣ ከዚያችው ከ11 ሜትሯ በመለያ ምት ተሸንፎ ነበር። የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በሩ ጠባብ ነው። በዋናው ውድድር የሚሰለፉት 8 ክለቦች ናቸው፤ በሴካፋ፣ ማለትም በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ፣ እኛን የመሰሉ አገሮች ሁሉ የሚሻሙት አንዲት ቦታ ናት። አንደኛ የወጣው ያልፋል፤ ሁለተኛ የወጣው ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ንግድ ባንክ በፍፃሜ ተሸንፎ ሲመለስ ይህ ሁለተኛው ነበር።

የመጀመሪያው በ2013 ነው። እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ተመረቀ፤ የአፍሪካ ሴቶች ክለቦች ውድድርም የመጀመሪያ ማጣሪያዎቹን በዚያው ዓመት ማብቂያ አካሄደ። የወንዶቹ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ከተጀመረ 57 ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ በወንዶቹ የመጀመሪያ ውድድር፣ በ1957 አክራ ላይ ለማጠቃለያ ከቀረቡት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር። ከፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የወጣ ቡድን ለአፍሪካ የመጀመሪያ የክለቦች ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ሲቀረው መድረሱን ዛሬ ስንቶቻችን እናውቃለን? ለአገራችን ሴቶች ግን እንዲህ ያለ በር እስኪከፈት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆኗል። ስለዚህ በ2013 ክረምት ንግድ ባንክ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ፣ ለማጣሪያ ብቻ እንደሄደ አድርጌ አላየሁትም። የተጠራቀመ ዕዳ የሚያስመልስ መልእክተኛ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ቡድን ውስጥ ሎዛ አበራ ነበረች። ከከምባታ፣ ከዱራሜ ተነሥታ በደደቢት ስሟን ያስጠራች፣ በስዊድንና በማልታ ተጫውታ የተመለሰች አጥቂ ናት። ቡድኑ ፍፃሜ ደረሰ፤ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተረታ። ካይሮ ላይ የተደረገውን የመጀመሪያውን ዋንጫ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደ፤ የእኛ ልጆች በቴሌቪዥን ተመለከቱት። በቀጣዩ ነሐሴ፣ በ2014፣ ማጣሪያው ታንዛኒያ ነበር፤ ቦታዋን ሲምባ ኩዊንስ ወሰደች። በሦስተኛው ነሐሴ ንጄሩና 11 ሜትር መጡ።

እዚህ ላይ ወደ እንጦጦ ልመለስ። ከዚህ ተራራ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ሸክማቸውን የሚያሳርፉበትን መንገድ ልብ ያለ ግን ጥቂት ይመስለኛል። አይጥሉትም። ከመንገዱ ዳር ወዳለ ጉብታ ይጠጋሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቀስ ብለው ዝቅ ይላሉ፤ ሸክሙ ጉብታው ላይ ይቀመጣል። ገመዱ ግን ከደረታቸው አይፈታም። እንደ ታሠሩ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ላባቸውን በሻሻቸው ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ይነሣሉ። አንድ ቀን አንዷን «እማማ፣ ለምን ፈትተው በደንብ አያርፉም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከፈታሁትማ ማን ያሸክመኛል ልጄ?» አሉኝ።

ንግድ ባንክ በእነዚያ ሦስት ክረምቶች ያደረገው ይህንኑ ነው እላለሁ። ሸክሙን አሳረፈ እንጂ አልፈታውም። አሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው በየዓመቱ ተመልሶ ቡድኑን አዘጋጀ። ተጫዋቾቹ በየዓመቱ መጀመሪያ የአገር ውስጡን ሊግ ማሸነፍ ነበረባቸው፤ የአምናው ብርታት ለዘንድሮ ማጣሪያ ትኬት አይሆንምና። ከተሸነፉ በኋላ ያለው ጠዋት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከዜናው ሰው ሁሉ ከራቀ በኋላ ተነሥቶ ልምምድ መሄድ ከማንኛውም ዳገት ይበልጣል።

አራተኛው ነሐሴ ወደ ቤት መጣ። የ2016ቱን የሴካፋ ማጣሪያ አዲስ አበባ አስተናገደች፤ ጨዋታዎቹ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተካሄዱ። ሎዛ በዚያ ክረምት ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈርማ ስለነበር፣ ሸክሙ በቀሩት ጓደኞቿ ትከሻ ላይ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ፣ አዲሱ ዓመት ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ንግድ ባንክ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ጨዋታው እስኪያልቅ ትንፍሽ አላሉም ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ግን ተነሥተው እልልታቸውን ለቀቁት፤ ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ምናቸው እንደምትጫወት አልጠየቅኳቸውም። ምናቸውም ባትሆን፣ እንዲያ ያለ እልልታ የዚያን ቀን ለእነዚያ ልጆች ይገባቸው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ የሴቶች ክለብ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ውድድር ሊሰለፍ ነው።

ከዚያ ሞሮኮ ሆነ። በ2017 ኅዳር ንግድ ባንክ ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ፣ ከግብፁ ማሳርና ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነው ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ ጋር ተመደበ። ከምድቡ አላለፈም። ኤዶ ኩዊንስና ማሳር አለፉ፤ ዋንጫውን በመጨረሻ የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ወሰደ። ያን ሰሞን በየመንደሩ «ለዚህ ነው እንዴ የተለፋው?» የሚል ቃል ሰማሁ። ቃሉ አሳዘነኝ። ከዚያው ምድብ የወደቀችው ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረችም፤ ያለፈውን ዓመት ዋንጫ የያዘው ሰንዳውንስም አብሮ ወድቋል። ከሰንዳውንስ ጋር በአንድ ምድብ ተሰልፎ፣ ከሰንዳውንስ ጋር አብሮ መሰናበት፣ ከሦስት ዓመት በፊት በቴሌቪዥን ብቻ ያዩት ለነበሩ ልጆች ትንሽ መንገድ አይደለም።

ይልቁንም ጥያቄውን ወደ ራሳችን ላዙረው። በየሳምንቱ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን የእንግሊዝ ክለቦችን ሰልፍ በቃላችን እንወጣለን፤ የማን አጥቂ እንደተጎዳ፣ የማን አሠልጣኝ እንደተባረረ ለልጅ እንነግራለን። ይህን ፍቅር አልነቅፍም፤ የኳስ ፍቅር ድንበር የለውም። ግን ናይሮቢ ላይ በአንድ ግብ ልዩነት፣ ንጄሩ ላይ በመለያ ምት ሲሸነፉ የእነዚህን ልጆች ስም ስንቶቻችን ጠራን? የውድድር ዘመን የሚባለውን ነገር እኛ የምንቆጥረው ከመክፈቻው ፊሽካ እስከ ዋንጫው ነው። የንግድ ባንክ የ2016 ድል ግን በ2016 አልተጀመረም። ናይሮቢ ላይ ተጀምሮ፣ ታንዛኒያ ላይ ዘግይቶ፣ ንጄሩ ላይ ተሰብሮ፣ አዲስ አበባ ላይ የተጠገነ አንድ ረጅም የውድድር ዘመን ነው። ዋንጫ የሚነሣው በአንድ ቀን ነው፤ የሚሠራው ግን ማንም ባላጨበጨበባቸው ክረምቶች ነው። ሞሮኮንም እኔ የምቆጥረው እንደ መጨረሻ አይደለም። ከ2013ቱ ናይሮቢ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ የሌላ ዳገት የመጀመሪያው ነሐሴ ነው። ያኔ የቀረ ሰው፣ ጉልበት በሚያስፈልግበት በዚህኛው አይቅር። ደጋፊ ማለት ሲያርፉ ጉብታ፣ ሲነሡ የሚያግዝ እጅ መሆን ነው።

በ2017 ነሐሴ ወደ እንጦጦ ስወጣ ልጅቱን ፈለግኳት። ጉሙ እንደ ልማዱ ነበር። ገላጣው ቦታ ላይ ማንም የለም፤ ሁለቱ ባሕር ዛፎች ብቻ ያንጠባጥባሉ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ ግንዶቹ ታጥበው ብርማ ሆነዋል። ልመለስ ስል የቀኙን ዛፍ ልብ አልኩት። በጉልበቴ ትክክል ክብ የጭቃ ማኅተም አለበት። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ። በግራው ዛፍ ላይ የለም። ጠጋ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። የሌሊቱ ዝናብ ያላጠበው ጭቃ የዛሬ ጠዋት ጭቃ ነው። ከእኔ በፊት የወጣ ሰው ነበረ፤ ሁለት ስቷል።