በመንኰራኵር ላይ ስላለ ቤት ቆሻሻ ውሃ

በአሜሪካ አገር ማደሪያውን፤ ማድ ቤቱንና ሽንት ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ታላቅ አውቶሞቢል አለ። በ2015 ዓ. ም. በሐምሌ ወር እናታችንና እኛ ለጥየቃ ሄደን ሳለን፤ በቨርጂኒያ የምትኖረው እኅታችን ይህን የመሰለውን ተከራይታ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይዛን ወጣች። ባረፍንበት በቢግ ሜዶውስ ሰፈር መኪናው በሚቆምበት ስፍራ የውሃም የቆሻሻም ቧንቧ ስለሌለ፤ የምንጠጣውም የምንደፋውም ውሃ ከእኛው ጋራ ይሰነብታል።

የቆሻሻው ማጠራቀሚያ ሁለት ነው። አንዱ የዕቃና የገላ እጣቢ ይቀበላል፤ ሁለተኛው የሽንት ቤቱ ነው። የእኛዎቹ እያንዳንዳቸው 150 ሊትር ያህል የሚይዙ ስለሆኑ፤ አንዱ ብቻ ቢሞላ 150 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል። እኛም የጽሕፈት ቤት ልማድ አልተወንምና መዝገብ አውጥተን፤ ማን ስንት ጊዜ ውሃ እንዳፈሰሰ በየስሙ ትይዩ መጻፍ ጀመርን። በሁለተኛው ቀን ማታ በግድግዳው ላይ ያለው ምልክት የሽንት ቤቱ ሞልቷል ብሎ በራ። ውሃ ማፍሰስ ይቀነስ ብለን በራት ላይ አስታወቅን።

በማግሥቱ ጧት እናታችን ከአልጋ ሲነሡ ራሳቸውን አዙሯቸው ተቀመጡ። ምን ሁነው ነው ብንላቸው፤ «ልጄ፤ በእኔ ምክንያት ዕቃው እንዳይሞላብህ ብዬ ከትናንት ጧት ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም» አሉ። እኅታችን ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠጣች፤ «ጋሼ፤ መዝገቡን ወዲያ ይበሉት!» አለችን። መልስ አልነበረንም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ትእዛዛችን ራሱ ስሕተት መሆኑ ነው። በሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚሸከመው ውሃው ነውና፤ ውሃ ያነሰው እንደሆነ ከታች ረግቶ እንደ ጭቃ ይደርቃል። ስለዚህ መዝጊያው ሁለት እጁ እስኪሞላ ድረስ አይከፈትም፤ ተከፍቶ ቢቈይ ፈሳሹ ብቻውን ሄዶ ደረቁ ይቀራል። ምልክቱም ወረቀት ሲጣበቅበት ባዶውን ሙሉ ነው እያለ ይዋሻል። የእኛም እንዲሁ ሲዋሽ ነበር።

ቆሻሻ ወደሚደፋበት ስፍራ በደረስን ጊዜ እኅታችን አስቀድማ ብዙ ውሃ ጨመረችበት። ጓንት አድርገን ወፍራሙን ጎማ ካጠበቅን በኋላ፤ በፊት የሽንት ቤቱን፤ ቀጥሎ የእጣቢውን ከፈትን፤ እጣቢው ጎማውን አጥቦት እንዲሄድ ነው። የመጠጥ ውሃው ጎማ ግን ከዚህ ጎማ ጋራ በአንድ ሣጥን እንኳ አይቀመጥም። ባዶ ከሆነም በኋላ ጥቂት ውሃ ተመልሶ ይጨመርበታል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ለሠራዊቱ መቈፈሪያ ይዘህ ውጣ የተባለውን በልጅነታችን ስናነብ እንስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሳቅንም።

መዝገቡ እስከ ዛሬ አለ። በሁለተኛው ቀን ገጽ ላይ በእናታችን ስም ትይዩ ያለው ስፍራ ባዶ ነው፤ ያን ማታ ቁጠባ መስሎን አመስግነናቸው ነበር።