ምጣዱን ማን ያሰማው?



በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በክርክር ክበባችን ስለ ኀይል ምንጭ ነገር በተነሣ ቁጥር ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ሲቀርብ እሰማለሁ። «ፔትሮልና የድንጋይ ከሰል ሲቀሩ በምን ይተካሉ?» ይባላል። አንዱ ተነሥቶ ለፀሐይ ይሟገታል፤ ሁለተኛው ለነፋስ፤ ሦስተኛው ደግሞ ዓባይን ጠርቶ ጭብጨባውን ይወስዳል። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን አስቀድመው ያነሡት ሰዎች ቤታቸው በከሰል የሚሞቅ፣ እራታቸው በጋዝ የሚበስል ሰዎች ናቸው። እኔ የመጣሁት ከሰሜን ሸዋ ዳርቻ፣ ከግሼ ራቤል ነው። እናቴ ምጣዳቸውን የሚያሰሙት በፔትሮል ሳይሆን በኩበት ነው። ስለዚህ ይኸው ጥያቄ ወደ እኛ አገር ሲሻገር መልኩን መለወጥ አለበት እላለሁ።

ይህን ስል ፔትሮል አይመለከተንም ማለቴ አይደለም። የምናነደው ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። የዓለም ዋጋ ሲያስነጥስ እኛ እንታመማለን። በ1966 ዓ.ም. ከዐረቦችና ከእስራኤል ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ ቢንር፣ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ተጨመረ፤ በየካቲት ወርም ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የዚያ ዓመት ታሪክ የት እንዳደረሰን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንገር አያስፈልግም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክያለሁ ሲል አስታወቀ። ይህ ሁሉ የከተማው ወሬ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ከምታነደው ኀይል ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእህል አገዳ መሆኑን ስናስታውስ፣ ክርክራችን ስለ ዐሥረኛው እጅ ብቻ እንደ ነበረ ይገባናል።

ራቤልን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወሎ ወሰን ሳይደርስ የሚያገኛት የደጋ ከተማ ናት። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው። ውርጩ ብርቱ ስለሆነ ሰው በባናና በበርኖስ ተጠቅልሎ ያድራል። ዛፍ ጥቂት ነው፤ ያለውም አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። እርሱም ለቤት ማገርና ለገበያ ይፈለጋል እንጂ ለምድጃ የሚተርፈው ቅጠሉና ጭራሮው ብቻ ነው። ስለዚህ እበቱ በእጅ ይጠፈጠፋል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ኩበት ሆኖ በቤቱ አጠገብ ይከመራል። በክረምት ጊዜ የአንድ ቤት ሀብት የሚለካው በጎተራው ብቻ ሳይሆን በኩበት ክምሩም ጭምር ነው።

ከቤታችን ጠብ ሁሉ በየዓመቱ የማይቀረው የእበት ጠብ ነበር። አባቴ እበቱ ወደ ማሳ እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ እናቴ ወደ ምድጃ። አባቴ «መሬቱ እኮ ራበው» ሲሉ፣ እናቴ «አንቱስ አልራበዎትም?» ብለው ይመልሱ ነበር። ሁለቱም እውነት አላቸው። እበት ወደ ማሳ ቢሄድ መሬቱን ያለሰልሳል፣ ውሃ ያስይዛል፣ ሰብሉን ይመግባል። በእሳት ላይ ሲወድቅ ግን ለእህሉ ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጂን በጢስ ማውጫው ይሄዳል፤ አመድ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አባቴ የሄደባቸውን ሊተኩ የፋብሪካ ማዳበሪያ በብድር ይገዛሉ። የፋብሪካው ማዳበሪያ ናይትሮጂን ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ፤ ኩበት የምታነድ የራቤል ሴት ሳታውቀው የውጭ አገር ጋዝ ታነዳለች ማለት ነው። ስለ ነዳጅ የሚደረገው ክርክር በዚህ በኩል ሳይታሰብ ቤታችን ይገባል።

ስለዚህ የኀይል ምንጮችን ሳወዳድር «የትኛው ይበልጣል?» ብዬ አልጀምርም። «ለየትኛው ሥራ?» ብዬ እጀምራለሁ። የእኛ ቤት ሦስት ሥራዎች አሉት፤ መብራት፣ ወፍጮና ምጣድ።

መብራቱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በልጅነቴ የማነብበው በኩራዝ ነበር፤ ላምባው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። ዛሬ በየመንደሩ በጣራ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ኩራዝን እያሰናበተች ነው። ብርሃን የሚፈልገው ኀይል ጥቂት ነውና፤ አንድ ዘመናዊ አምፑል በ7 ዋት ክፍሉን ያበራል። የደጋው አየር ጥርት ያለ መሆኑ ይጠቅማል፤ ቅዝቃዜውም ሰሌዳዋን ያግዛታል እንጂ አይጎዳትም፤ እነዚህ ሰሌዳዎች ሲግሉ ይደክማሉና። በሐምሌ ጉም ለሁለት ለሦስት ቀን ሲተኛ ብርሃኗ ትደክማለች። የሆነ ሆኖ በመብራት ሥራ ፀሐይ ላምባን አሸንፋለች ብዬ ያለ ፍርሃት እጽፋለሁ።

ወፍጮው ሁለተኛው ሥራ ነው። በገጠሩ የወፍጮ ቤት የሚያጉረመርመው የናፍጣ ሞተር ነው። ናፍጣ የጠፋ ዕለት ገብሱን በጀርባቸው ተሸክመው ሁለት ሰዓት የተጓዙ ሴቶች እንደ ተሸከሙ ይመለሳሉ። በዚህ ሥራ ላይ ፀሐይም፣ ነፋስም፣ ውሃም ለመወዳደር ይችላሉ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፀሐይና የነፋስ ትልቁ ነቀፋ «በፈለግነው ሰዓት አይገኙም» የሚል ነው። ዱቄት ግን ይጠብቃል። ፀሐይ በወጣች ሰዓት የተፈጨ ዱቄት ማታም ነገም ዱቄት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ውድ የሆነ ባትሪ አያስፈልግም፤ ማጠራቀሚያው ስልቻው ነው። አባቶቻችንም ቢሆኑ በወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ያቆሙ ነበርና ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

አስቸጋሪው ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ3 ኪሎዋት ተኩል ብናሰላው፣ ቅድም ከጠቀስኩት አምፑል 500 ያህሉን በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። ለመንደር የፀሐይ ሰሌዳ ተሰጥቶ «ኀይል አገኘ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ያገኘው መብራት መሆኑን፣ ምጣዱ ግን እንደ ቀድሞው በኩበት እንደሚሰማ ልብ የሚል ጸሐፊ ጥቂት ነው። የእናቴን ዐይን ያቀላው ጢስ የሚወጣው ከኩራዙ ብቻ አልነበረም።

ለምጣዱ የሚበቃ ጉልበት ያላቸው ታላላቆቹ ምንጮች ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ ውሃ ዋናው ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ ለዘመኑ ታላቅ ነገር ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ነው። ሕዝቡም ቦንድ ገዝቶ የተሳተፈበት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ውሃ ንጹሕ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን ዝናብን ይከተላል። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቻችን ውሃ ቢያንሳቸው አዲስ አበባ መብራትን በፈረቃ አገኘች።

ለዚህ ድካም መድኀኒቱ ነፋስ ነው። በአገራችን ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞች በሚያንሱበት ወራት ነውና ሁለቱ ተፈራርቀው ሊሠሩ ይችላሉ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያ በትግራይ 120 ሜጋዋት፣ በአዳማ የቆሙት ሁለቱ ደግሞ 51 እና 153 ሜጋዋት ናቸው። የመንዝንና የግሼን ነፋስ ያየ ሰው፣ በርኖሱን በሁለት እጁ ይዞ የሄደ ሰው፣ ይህ ኀይል በከንቱ መሄዱ ያስቆጨዋል። ሦስተኛው የከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። ዝናብንም ነፋስንም ሳይጠብቅ ሌት ተቀን ይሠራል፤ በስምጥ ሸለቆ በአሉቶ ላንጋኖ የተተከለው የሙከራ ጣቢያ ግን 7 ሜጋዋት ያህል ብቻ ነበር። ጉድጓዱን መቆፈር ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ እንፋሎት ሳይገኝ ቢቀር ገንዘቡ አይመለስም።

አሁን በወረቀትና በእርሳስ አብረን እናስላ። አንድ ቤተ ሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ ይጋግራል፤ አንዱ ጋገራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል እንበል። በዓመት ወደ 500 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ቤተ ሰብ አለ ብለን ብንይዝ፣ ድምሩ 10 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። የዓባይ ግድብ በዓመት ከ15 ሺህ በላይ እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። እንግዲህ በዓመት ሒሳብ አንዱ ግድብ ብቻውን የኢትዮጵያን እንጀራ ሊጋግር ይችላል ማለት ነው! ነገር ግን ሒሳቡን በሰዓት ስናደርገው ሌላ ነገር ይወጣል። ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ኀይላቸው ቢዞሩ፣ በሽቦውም ምንም ባይባክን፣ በአንድ ጊዜ የሚያሰሙት ምጣድ አንድ ሚሊዮን ተኩል አይሞላም። አገር ሁሉ ቅዳሜ ጧት ልጋግር ቢል አይሆንም። ከዚህም በላይ ሽቦው መድረስ አለበት፤ ትራንስፎርመሩ መቻል አለበት፤ ምጣዱም የገበሬ ኪስ በሚችለው ዋጋ መገኘት አለበት። እነዚህ ካልተሟሉ ኩበት በምትጠፈጥፍ የሸዋ ሴት ላይ የሚተረተው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ነው።

አንዳንዱ «ሰዓት ተከፋፍሎ መጋገር ለእኛ ሕዝብ አይሆንም፤ ሥርዓት አናውቅም» ይላል። ይህን የሚል ሰው ወደ ጎረቤታችን ወደ ጓሳ ይሂድ። የመንዝ ሰዎች ለጣራ ክዳን፣ ለግጦሽና ለማገዶ የሚሆነውን የጓሳ ሣርና አስታ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀውታል። ሜዳው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎች በተስማሙበት ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ሕግ ያፈረሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አንሥቶት ሜዳው እስከ ዛሬ አለ። ለሣር ወረፋ ያወጣ ሕዝብ ለትራንስፎርመር ወረፋ ማውጣት እንዴት ያቅተዋል? ሰኞ የላይኛው መንደር፣ ማክሰኞ የታችኛው ቢባል ከቀሮ አይከብድም። የጎደለው ሽቦው ነው እንጂ ሥርዓቱ አይደለም።

ሽቦው እስኪደርስ ምን ይደረግ? ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው ባዮጋዝ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በልዩ ልዩ ክፍለ አገሮች ተሠርቷል። እበቱ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ጋዙ ይነድዳል፤ ዝቃጩ ደግሞ ማዳበሪያነቱን እንደ ያዘ ወደ ማሳ ይሄዳል። የአባቴንና የእናቴን ጠብ የሚያስታርቅ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ የለም። ነገር ግን ጋዙን የሚሠሩት ረቂቅ ሕዋሳት ሙቀት ይወዳሉ፤ በራቤል ብርድ ሥራቸው ይዘገያል። ከብትና ውሃም በበቂ ይፈልጋል። ለወጥና ለቡና የሚበቃው ጋዝ ለሰፊው ምጣድ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ጉድጓዱን በብርድ አገር እንዴት እናሙቀው የሚለው ጥያቄ ለሳይንስና ለእርሻ ተማሪዎች የቀረበ፣ በፈረንጅ መጽሐፍ ሙሉ መልሱ የማይገኝ የራሳችን ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ምርጥ ምድጃ» የሚባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። የዳነው ኩበት ወደ ማሳ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ሥራ ሽቦም ግድብም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምድጃውን የሚሠራ የመንደር ወጣት ያስፈልጋል።

ወገኖቼ ሆይ፤ ፍርዴን ባጭሩ ልስጥ። ለመብራት ፀሐይ፣ ለወፍጮ ፀሐይም ነፋስም፣ ለምጣድ የውሃና የነፋስ ኤሌክትሪክ በሽቦ፤ እስከዚያው ደግሞ የተሻለ ምድጃና፣ ብርዱን ያሸነፈ ባዮጋዝ። ባሕር ዛፉ ቤት ይሥራበት፤ እበቱ ለገብሱ ይመለስ።

በመጪው ክረምት ብዙዎቻችን ወደየአውራጃችን እንመለሳለን። ኢንጂኔሪንግ የምትማሩ፣ ትራንስፎርመራችሁ ስንት ምጣድ እንደሚችል ቆጥራችሁ ኑ። ኢኮኖሚክስ የምትማሩ፣ አንድ ቤት በዓመት ለማዳበሪያና ለናፍጣ የሚያወጣውን ጻፉ። ሕግ የምትማሩ፣ የአገራችሁ ሽማግሌዎች ሣርንና ውሃን እንዴት እንደሚያካፍሉ ጠይቁ። የሚመጣው ዓመት ክርክራችን በዚህ ላይ ቢሆን፣ አሸናፊው ማንም ይሁን ማን፣ እናቶቻችን ይጠቀማሉ።