የቤታችን ጭነት ስንት ነው?

ለእናት ስጦታ ሲገዛ ከዋጋው ሌላ የሚሰላ ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። በኩራዝ ብርሃን አድጋ፣ ተድራ ሐይቅ ከተማ ገባች። ቤቷ መብራት ሲገባለት ሽቦው የተዘረጋው አምፖል ለማብራት ብቻ ነበር፤ እንጀራውን የምትጋግረው በማገዶ ነው። ዓይኗን ጭስ እንደጎዳው ባየሁ ጊዜ ከደመወዜ ቆጥቤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላክሁላት።

ምጣዱን የገጠመው ሰው አዲስ መስመር አልዘረጋም። ወደ መኝታ ቤቱ አምፖል ከሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ቀጥሎለት ሄደ። ለበዓል ቤት በገባሁበት ማታ እናቴ መጋገር ስትጀምር አምፖሎቹ ፈዘዙ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ መኝታ ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ተኝታለች፤ ከራስጌዋ በላይ፣ ሽቦው የተቀጠለበት ግድግዳ ይፋጃል። «እማዬ፣ አጥፊው!» ብዬ ጮህሁ። ልጅቱን አቅፌ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእሳት የተጫወትሁት እኔው ነበርሁ።

በማግሥቱ ሌላ ባለሙያ እስኪመጣ ከልጅቱ ደብተር አንድ ገጽ ወስደን ሒሳቡን ሠራን። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ስለሆነ፣ የዕቃውን ዋት ለ220 ስናካፍል በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር እናገኛለን።

መጀመሪያ በድሮው አምፖል አሰብን። ሳሎን 100 ዋት፣ ሁለት መኝታ ቤት 120፣ ማዕድ ቤት 60፣ መጸዳጃና በረንዳ 80፤ ድምሩ 360 ዋት ነው። ለ220 ሲካፈል 1.6 አምፔር ያህል ይሆናል። አሁን ባሉት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ደግሞ 12፣ 18፣ 9 እና 10 ተደምሮ 49 ዋት ብቻ ነው፤ ሩብ አምፔር እንኳ አይሞላም።

ምጣዱስ? ጀርባው ላይ 3,500 ዋት ይላል። ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። የቤቱ መብራት ሁሉ ተደምሮ ከሚወስደው ሰባ ጊዜ ይበልጣል! እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «የግመሉን ጭነት ለአህያዋ ሰጥተናታላ» አለች። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ከባለሙያውም አልሰማሁም።

ባለሙያው እንደነገረን ለመብራት መስመር የሚዘረጋው ባለ 1.5 ሽቦ ሲሆን የሚጠብቀውም ባለ 10 አምፔር ብሬከር ነው። በእኛ ሳጥን ውስጥ የተገኘው ግን ባለ 20 ነበር። ስለዚህ ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም አለ። ብሬከር የሚመረጠው እንዳይቋረጥብን ሳይሆን ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። ለምጣዱ ከሳጥኑ የሚነሳ፣ ቅጥያ የሌለው ባለ 6 ሽቦ ከነምድር መስመሩ ተዘረጋለት፤ የራሱ ብሬከርም ተሰጠው።

ሒሳቡ ለኪስም ይጠቅማል። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ፣ የድሮዎቹ አምፖሎች በ30 ቀን 54 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራሉ፤ አዲሶቹ ከ7.5 አያልፉም። ምጣዱ ግን ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳይቋረጥ ቢሠራ 5.25 ይቆጥራል፤ የ21 ቀን መብራት ማለት ነው። ስለዚህ ሊጡ ሁሉ ሳይቀርብ ምጣዱን አለማብራት ይበጃል።

እህቶቼ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ዋቱን አንብቡ፤ ለ220 አካፍሉ፤ ከዚያም «የሚሰካበት ሽቦና ብሬከር ይህን ይችላል?» ብላችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ምጣድ ሲሰካ መብራት ከፈዘዘ ወይም ሶኬት ከጋለ፣ አጥፍታችሁ አስመርምሩ።

እናቴ ዛሬ ያለ ጭስ ትጋግራለች። የእህቴ ልጅም ወደ ቤት አዲስ ዕቃ ሲገባ ከሁሉ አስቀድማ ጀርባውን ገልብጣ ታነባለች። እኔም ያንን ምጣድ ስገዛ እንደ እሷ ገልብጬ ባነብ ኖሮ!