«ካምቢዮ ይውረድ!»

ሹም አቦ ላይ መኪና ድምፅ ካወጣች ሐኪም አይጠፋላትም። የኛዋ አሮጌ ላንድክሩዘር በክረምት ፎገራ ላይ ውሃ የተኛበትን መንገድ አቋርጣ ከተመለሰች በኋላ «ግርርር» ማለት ጀመረች። ሊስትሮው «ኩሽኔታ ነው» አለ። ባለሱቁ «ዲፈረንሻል ነው» አለ። መካኒኩ ደግሞ ሳይነዳት «ካምቢዮ ይውረድ!» ብሎ ፈረደ። (ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ኩሽኔታንና ካምቢዮን ጋራዥ ውስጥ ረስቶልን ሄዷል።)

«ይውረድ» ማለት በአገራችን ቀላል ነው። ችግሩ ወጪው ነው። ይህችን መኪና ለአራት ገዝተን የምናከራያት እኛ ነን፤ አንድ ሳምንት ከቆመች የአራት ሰው የቤት ኪራይ አብሯት ይቆማል። ስለዚህ ከፍርዱ በፊት ምርመራ ይቅደም አልን።

መጀመሪያ ቆማ ሞተሯን አስነሳን። ማርሽ ሳይገባ የሚጮህ ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ ጥርጣሬው ካምቢዮ ውስጥ ነው፤ ሲረገጥ ከመጣ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ላይ። የኛዋ በሁለቱም ዝም!

ቀጥለን ወጣ ያለ መንገድ ላይ በ60 እየሄድን ማርሹን ዜሮ አደረግነው። ሞተሩ ቢረጋም ግርግርታው አልቀነሰም። ድምፁ የሚከተለው ጎማን እንጂ ሞተርን አይደለም ማለት ነው። ካምቢዮው ነፃ ባይባልም በዋስ ተፈታ።

ነዳጅ ስንሰጥና ስንለቅ ድምፁ ቢለዋወጥ ኖሮ ዲፈረንሻሉን እንይዘው ነበር፤ አልተለዋወጠም። መሪውን ቀስ ብለን ወደ ግራ ስናዞር ግን ጮኸች፣ ወደ ቀኝ ስናዞር ለዘብ አለች። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ የሚያርፈው ቀኝ ጎማ ላይ ነው። ተጠርጣሪው ተያዘ!

በክሪክ አንስተን የፊት ቀኙን ጎማ በእጃችን አሽከረከርነው፤ ሻካራ ነው። ከላይና ከታች ይዘን ስንወዘውዘው ይላወሳል። ሲፈታ ግራሶው ውሃ ጠጥቶ ነጥቷል፣ ኩሽኔታው ዝጓል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጉዞ የጋለ ጎማ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባረጀው የጎማ ቀለበት በኩል ውሃ ይስባል። በዚሁ ምክንያት የዲፈረንሻሉንም ዘይት ቀዳን። ማኪያቶ መስሎ ቢወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር፤ ደግነቱ ንጹሕ ነው።

በአንድ ቀን ኩሽኔታ፣ የጎማ ቀለበትና አዲስ ግራሶ ተገጥሞላት ወጣች። ካምቢዮው እስካሁን በሥልጣን ላይ ነው።

የፈታውና የገጠመው ግን ያው «ይውረድ» ያለው መካኒክ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። እስቲ ወዳጆቻችን፣ ለማዳመጥ ከፍለነው እናውቃለን? ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለማውረድና ለመስቀል እንከፍላለን። «ምን ሆና ነው?» የሚለውን ግን በነፃ እንዲመልስልን መንገድ ላይ እንጠይቀዋለን። በነፃ የተጠየቀ ሰው ደግሞ በአንድ ቃል ይመልሳል። እኛ ከዚህ ወዲያ የምርመራውን ሰዓት ለብቻው ልንከፍል ተስማምተናል። የአንድ ሰዓት ጆሮ ከአንድ ካምቢዮ ይረክሳል።