ፓምፑን የት እንትከለው?

በዲፓርትመንታችን የአስመላሽ ዘፈሩ ስም ሲነሳ አስተያየት የሌለው ተማሪ የለም። አስመላሽ በገዛ እጁ የሠራትን ኬ-570ኤ በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሊያበር ሞክሮ ሳትነሳለት ቀረች። «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም የተወሰደ ነው፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን። ሞተሯ የቮልስዋገን ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «በረረች ወይ?» ብሎ ነው። እኔን ግን ሲያስጨንቀኝ የከረመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ እቤት በተሠራ አውሮፕላን ላይ የነዳጅ ፓምፑ የት ይቀመጣል?

ነገሩ የተጀመረው ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ለመለማመጃ ያህል የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን የነዳጅ መስመር ስንነድፍ ነው። ታንኩን ከመቀመጫው ሥር፣ ፓምፑን ከሞተሩ ጎን ከፍ አድርገን ሳልን። ቮልስዋገን ላይም ፓምፑ ሞተሩ ላይ አይደል? በወርክሾፕ ሥራ ያረጁ አንድ ጋሼ ሥዕሉን አይተው «ልጄ፣ ነዳጁን ማን ነው ወደ ላይ የሚያወጣው?» አሉኝ። «ፓምፑ ነዋ!» አልኳቸው። «ይሄን ሠርተህ አንተ ትሳፈርበታለህ?» ብለውኝ ሄዱ።

መልሱን ያገኘሁት ክላስ ውስጥ ሳይሆን አጋሮ አካባቢ፣ አጎቴ በሚሠራበት የእሸት ቡና መፈልፈያ ነው። በቡና ለቀማው ሰሞን ወንዙ ሲጎድል ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውሃ አያመጣም። እሸቱ ተከምሮ ካደረ ደግሞ ይበላሻል። አጎቴ ሞተሩን አልቀየረም። ፓምፑን ከነሞተሩ አሸክሞ ወንዙ ዳር አወረደውና ውሃው መጣ። «ፓምፕ መግፋት እንጂ መጎተት አይችልበትም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፓምፕ ፈሳሽን አይጎትትም፤ ከፊቱ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፣ ከታች የሚገፋው አየሩ ነው። የአየሩ ግፊት ደግሞ እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል። በባህር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እኛ ጋ ጅማ፣ ከ1,700 ሜትር በላይ፣ ወደ 82 ይወርዳል። ቤንዚን በ38 ዲግሪ ሙቀት የትነት ግፊቱ 60 ነው ብንል፣ በባህር ዳርቻ 41 የሚሆነው ትርፍ ጅማ ላይ 22 ብቻ ይቀራል። 3,000 ሜትር ላይ ብንወጣ 10 ገደማ ነው። ቤንዚንን አንድ ሜትር ወደ ላይ መሳብ ብቻ 7 ያህሉን ይበላል፤ ማጣሪያውና የቱቦው ጥምዝ ገና አልተቆጠሩም። ከሞተሩ ጎን ሙቀቱ 50 ዲግሪ ቢደርስማ የትነት ግፊቱ ከ80 ስለሚያልፍ ነዳጁ ቱቦው ውስጥ ይፈላል። ፓምፑ እንፋሎት ያኝካል፣ ሞተሩ ይጠፋል።

ቮልስዋገን ቢትልን ያዳናት ታንኳ ከፊት ኮፈኗ ሥር ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። እኛ ፓምፑን ስንኮርጅ ታንኩን ረሳነው!

ስለዚህ ታንኩ ዝቅ ያለ ከሆነ ኤሌክትሪክ ፓምፑ ታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ መውጫ በታች፣ ሞተሩን ከአብራሪው ከሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ወዲህ በቀዝቃዛው በኩል ይተከል። ከፓምፑ በፊት ሰፋ ያለ ወንፊት፣ ደቃቁ ማጣሪያ ከፓምፑ በኋላ። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ታንኩ ክንፍ ላይ ሆኖ ነዳጁ በራሱ ክብደት በበቂ መጠን የሚወርድ ከሆነ ግን ፓምፕ መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አዲሱን ሥዕል ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ቢበላሽስ?» አሉ። ተመልሰን ሞተሩ የሚያዞረው ሁለተኛ ፓምፕ ጨመርን፤ አንዱ ቢቆም በእሱ ውስጥ አልፎ ሌላው እንዲመግብ።

የመጀመሪያው ሥዕላችን በቀዝቃዛ ጠዋት ወርክሾፕ ውስጥ ቢሞከር ምናልባት ይሠራ ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሞተሩ ግሎ፣ ሰው ተሳፍሮ፣ መሬት ከተለቀቀ በኋላ ነበር ስህተታችን የሚታየው። አስመላሽ የሠራት ላይ ራሱ ነው የተቀመጠው። እኔም አሁን መስመር ባሰመርኩ ቁጥር የጋሼ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ አንተ ትሳፈርበታለህ?