የቴሌስኮፕ የዓይን መስተዋት ስለ መምረጥ

የበቅሎ ገዢ ጥርሱንና ኮቴውን ሳያይ ስለ ዋጋ አይነጋገርም። የሸማ ገዢም በጥለቱ ማማር ብቻ ሳይታለል ድሩንና ማጉን በጣቱ ፈትኖ ይገዛል። ዳሩ ግን ከውጭ አገር አዲስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ይህን የአባቶቻችንን ጥንቃቄ እንረሳና በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር እናምናለን። እኛም በዚህ ስሕተት ወድቀን የተማርነውን ነገር ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከዚህ በታች እንጽፈዋለን።

የምንኖረው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት ነው። ስሟም እንደሚያመለክተው ገበያዋ ሐሙስ ነው። በክረምት ደመናው ከጣና በኩል እየተነሣ ሰማዩን ይጋርደዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር በገባ ጊዜ ግን ከመብራት ጥቂት ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ሰማዩ እንደ ታጠበ ሆኖ ይታያል።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። ብዙ ዘመን ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፥ መጥቅዕና አበቅቴ ሲያወጡ፥ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያስሉ ኖረዋል። የጥንት መጻሕፍት ዙሐል የሚሉትን፥ የዛሬ ሰዎች ሳተርን የሚሉትን ኮከብ ስሙን በቃላቸው ያውቁታል፤ ቀለበቱን ግን አይተውት አያውቁም ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዓይናቸው ደከመ፤ ሐኪምም ሞራ መጀመሩን ነገራቸውና ይገፈፍልዎ አላቸው። እርሳቸው ግን «ለዕድሜዬ ያየሁት ይበቃኛል» ብለው እንቢ አሉ። ብንለምናቸውም አልሰማን አሉ።

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ቴሌስኮፕ ገዛን። ብርሃን የሚሰበስበው መስተዋቱ ስፋቱ 114 ሚሊ ሜትር፥ ብርሃኑ እስኪገናኝ ድረስ ያለው ርቀት ደግሞ 900 ሚሊ ሜትር ነው። በሣጥኑ ላይ «675 ጊዜ ያጎላል» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። እኛም ይህን አይተን ደስ አለንና በመጀመሪያው ጥርት ያለ ምሽት አባታችንን በወንበር አስቀምጠን፥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጎላውን የዓይን መስተዋት ሰክተን ወደ ዙሐል አቀናነው።

አባታችን ጎንበስ ብለው የዓይናቸው መነጽር ከመሣሪያው ጋራ ተጋጨ። መነጽራቸውን አውልቀው ዳግመኛ ሞከሩ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ቀና አሉና «ልጄ፥ ይህ መሣሪያ ኮከቡን ሳይሆን የዓይኔን ድካም ነው የሚያሳየኝ» አሉን። እኛም ተራችንን ብናይ የሚንቀጠቀጥ ደብዛዛ ነገር ብቻ ሆነብን፤ እርሱም ወዲያው ከዓይናችን ሸሸ። ሽማግሌን በብርድ አስቀምጠን በማሳዘናችን እጅግ አፈርን።

ከዚያም በኋላ ነገሩን ከሚያውቅ ወዳጃችን ጠይቀን ምክንያቱን ተረዳን። ቴሌስኮፕ ሁለት ሥራ አለው። ትልቁ መስተዋት ብርሃን ይሰበስባል፤ ነጋዴዎች አይፒስ የሚሉት ትንሹ የዓይን መስተዋት ደግሞ የተሰበሰበውን አጉልቶ ለዓይን ያቀርባል። የማጉላቱም ስሌት ቀላል ነው፤ የትልቁን ርቀት ለትንሹ ርቀት ማካፈል ነው። 900 ለ25 ቢካፈል 36 ጊዜ፥ ለ10 ቢካፈል 90 ጊዜ፥ ለ4 ቢካፈል 225 ጊዜ ይሆናል። በእንግሊዛዊው በባርሎ ስም የሚጠራው አባዢ መስተዋት ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይባዛል። 675 የተባለውም 225 በ3 ተባዝቶ የመጣ ነው። ስሌቱ ሐሰት አይደለም፤ ጥቅም ግን የለውም።

ጥቅም የሌለውም ስለዚህ ነው። የተሰበሰበው ብርሃን ያው አንድ ነው፤ ምስሉ በዕጥፍ ሲጎላ ብርሃኑ አራት እጅ ይሳሳል። ጥቂት ቅቤ በሰፊ እንጀራ ላይ እንደ መቀባት ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው ማጉላት፥ አየሩ እጅግ ቢረጋ እንኳ፥ የትልቁ መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ተቈጥሮ ከዕጥፉ አያልፍም ይባላል፤ ለእኛው 228 ጊዜ ማለት ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ስላላቸው ከእኛው 77 እጅ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባሉ። ትንሹን መሣሪያ የትልቁን ሥራ ሥራ ብንለው አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ምድር ዘወትር የምትዞር መሆኗ ነው። ከዚህም የተነሣ ኮከቡ ከመስኮቱ ይሸሻል። 675 ጊዜ ሲጎላ ከ20 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል፤ 36 ጊዜ ሲጎላ ግን ከ5 ደቂቃ በላይ ይቆያል። እጁ የሚንቀጠቀጥና ዓይኑ የዘገየ ሰው በ20 ሴኮንድ ምን ሊያይ ይችላል?

ሦስተኛው፥ ለእኛ ቤት ከሁሉ የሚበልጠው፥ ዓይን ከመስተዋቱ የሚርቅበት ልክ ነው። የ4 ሚሊ ሜትሩ መስተዋት ዓይን 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀርብ ድረስ ሙሉውን አያሳይም፤ የዓይን መነጽር ላደረገ ሰው ግን ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ያሻዋል። ሩቅ ብቻ ወይም ቅርብ ብቻ የሚያስቸግረው ሰው መነጽሩን አውልቆ መሣሪያውን ወደ ዓይኑ ቢያስተካክል ይበቃዋል። የዓይኑ ፊት ክብነት የተዛባበት ሰው ግን፥ እንደ አባታችን ማለት ነው፥ መነጽሩን ካላደረገ አይጠራለትም። እንግዲህ ያን ምሽት ጥፋቱ የእርሳቸው ዓይን አልነበረም፤ የእኛ ምርጫ ነበር።

የዓይን መስተዋት ዓይነቱ ብዙ ነው። የዙሐልን ቀለበት በ1655 እና በ1656 እ.ኤ.አ. የተመለከተውና ምንነቱን የተረዳው ሆላንዳዊው ሁይገንስ በኋላ በራሱ ስም የሚጠራውን ባለ ሁለት መስተዋት ሠራ፤ ኬልነር በ1849 እ.ኤ.አ. ሌላ አበጀ፤ በቪየና ይኖር የነበረው ፕሎስል በ1860 እ.ኤ.አ. አራት መስተዋት ሁለት ሁለቱን አጣምሮ የሠራው ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝ መልካም ዕቃ ነው። ሁይገንስ ቀለበቱን የመረመረው 50 ጊዜ ያህል በሚያጎላ መሣሪያ እንደ ነበረ በሰማን ጊዜ በ675ቱ መመካታችን ይበልጥ አሳፈረን።

ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመዳችን አደራ ብለን ሁለት ነገር ብቻ አስመጣን፤ ይኸውም ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፕሎስልና በ2 የሚያባዛ ባርሎ ነው። የመሰኪያው ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር መሆኑንም አስቀድመን ለክተን ነገርነው፤ በአንዳንድ አሮጌ መሣሪያ 24.5 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ሳይለካ የተገዛ ዕቃ አይገጥምምና። ሁለቱ ሲጣመሩ 72 ጊዜ ያጎላሉ፤ ባርሎው የዓይኑን ቦታ ስለማያጠብም መነጽር ያደረገ ሰው ሳይጨነቅ ያያል።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፥ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጨረቃ አልነበረችም። ዙሐል በደቡብ ምዕራብ በኩል፥ ጁፒተር ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብለው ያበሩ ነበር። በመጀመሪያ ባርሎውን ሳንጨምር በ36ቱ ኮከቡን ፈለግነው፤ ካገኘነው በኋላ አባዛነው። አባታችን ፊተኛውን አስታውሰው አልመጣም ብለው ነበርና የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው።

መነጽራቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ አሉ። ምንም አልተናገሩም። ኮከቡ ሲሸሽ እኛ እየመለስን፥ እርሳቸው እያዩ ብዙ ቆዩ። በኋላም በዝግታ «ቀለበቱ ከኮከቡ ተለይቶ ቆሟል» አሉ፤ ቀጥለውም «ስሙን ስጽፈው ኖሬ መልኩን ዛሬ አየሁ» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደ ገና ጎንበስ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ቍርስ ላይ ሳለን ማንም ሳይጠይቃቸው «ከሐኪሙ ዘንድ ውሰዱኝ፤ ገና ያላየሁት አለ» አሉን። በዚያው ዓመት የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ወደ ምድር ስለ ዞረ ከዓይን የተሰወረ መሰለ፤ ይህም በ15 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ የሚሆን ነው። አባታችንም ይህን ሰምተው «በጊዜው አደረሳችሁኝ» ብለው መረቁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ መመልከት ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። በዓይን መስተዋቱ ላይ የሚጠለቅ ትንሽ ጥቁር መስተዋት ቢገኝ በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል መጣል ይገባል፤ ፀሐይን ለማየት በመሣሪያው አፍ ላይ የሚደረግ፥ ለዚሁ የተሠራ መከለያ ያስፈልጋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ የተሰጠውን ምክር ልጆች እንዳይረሱት ይሁን። መሣሪያውም ቀን ቀን ተሸፍኖ ይቀመጥ።

እንግዲህ ለልጆቹ ቴሌስኮፕ የሚገዛ አባት ስንት ጊዜ ያጎላል ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚያየው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። መልካም የዓይን መስተዋት የሚባለው ቁጥሩ የበዛው ሳይሆን በቤት ካሉት ሁሉ ዓይኑ ለደከመው የሚመቸው ነው። ለእርሱ የተመቸ ለቀሩት ሁሉ ይመቻልና።